ሹምና ደብተር፦ በሥራ ገበታ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መንስኤና ባሕርይ በኢትዮጵያ ታሪክ



ንግግሬን የምጀምረው በአንድ ግስ ነው፤ ግሱም «በላ» የሚለው ነው። በአማርኛ ሌሊት ጎተራ ሰብሮ እህል የወሰደ ሰው «ሰረቀ» ይባላል። የጎተራውን ቁልፍ በአደራ ይዞ ከዚያው ላይ የቀነሰው ግን «በላ» ነው የሚባለው። ጉቦ ይበላል፤ የመንግሥት ገንዘብ ይበላል፤ የማኅበር መዋጮ ይበላል። የመጀመሪያው ሰው «ሌባ» የሚል ስም ያተርፋል፤ ስሙም እስከ ልጅ ልጅ ይከተለዋል። ሁለተኛው ከወንበሩ እስካልወረደ ድረስ «ክቡር» መባሉ አይቀርም። ያደረሱትን ጉዳት በብር ብንተምነው የሁለተኛው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ ቋንቋችን ግን አንዱን ከወንጀል መዝገብ፣ ሌላውን ከማዕድ ዙሪያ አስቀምጧቸዋል። ይህ ልዩነት ከየት መጣ? የዛሬው ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1939 አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤድዊን ሰዘርላንድ በፊላደልፊያ ለሙያ ማኅበሩ ባደረገው የፕሬዚዳንትነት ንግግር «የነጭ ኮሌታ ወንጀል» የሚለውን ሐረግ አስተዋወቀ። በዚያ ዘመን ወንጀልን የሚያጠኑ ምሁራን መንስኤውን በድህነት፣ በፈረሰ ትዳርና በአእምሮ ጉድለት ያመካኙ ነበር። ሰዘርላንድ ያነሳው መከራከሪያ ቀላል ነበር፦ መረጃችሁን የቃረማችሁት ከእስር ቤት ነው፤ እስር ቤት የማይገባው ሰው የሚሠራው ወንጀል በመረጃችሁ ውስጥ የለም። የተከበረና ከፍ ያለ ማኅበራዊ ደረጃ ያለው ሰው በሥራው አጋጣሚ የሚፈጽመው ወንጀል በድህነት ሊብራራ አይችልምና ጽንሰ ሐሳቡ ራሱ መፈተሽ አለበት አለ። ከ10 ዓመት በኋላ በዚሁ ርዕስ ያሳተመው መጽሐፍ የ70 ትልልቅ ኩባንያዎችን የጥፋት መዝገብ ይተነትናል። አሳታሚው የስም ማጥፋት ክስ ስለፈራ የኩባንያዎቹ ስም ተሰርዞ ወጣ፤ ሙሉው ቅጂ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1983 ነው። ስለ ኃያላን ወንጀል የተጻፈ መጽሐፍ የኃያላኑን ስም ለመጥራት 34 ዓመት ፈጀበት ማለት ነው።

ሐረጉን ወደ አማርኛ ስንመልስ አንድ ችግር ይገጥመናል። በበጌምድርና በጎጃም ታሪክ «ነጭ ለባሽ» ማለት የመደበኛ ጦር ልብስ ሳይለብስ፣ የራሱን መሣሪያ ይዞ ለመንግሥት የሚዘምት የአገር ሰው ነው። ነጭ ልብስ በእኛ ዘንድ የገበሬውም፣ የካህኑም፣ የመኳንንቱም ልብስ ስለሆነ የሥራ ደረጃን አይለይም። የቢሮ ሰው ሲመጣ የተለየው በካኪው፣ በኋላም በኮቱ ነው። ስለዚህ ዛሬ በአብዛኛው የምናገረው በሥራ ላይ ስለሚፈጸም ወንጀል ነው። ሹመት፣ ቁልፍ፣ ሚዛን፣ ማኅተም ወይም የይለፍ ቃል በእጁ የገባለት ሰው ያንኑ መሣሪያ አድርጎ የሚሠራው ወንጀል ማለቴ ነው። ማርሻል ክሊናርድና ሪቻርድ ኩዊኒ ድርጅት ለራሱ ጥቅም የሚፈጽመውን ወንጀልና ሠራተኛ በሥራው አጋጣሚ የሚፈጽመውን ለይተው ነበር። እኔም የማተኩረው በሁለተኛው ላይ ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በቀድሞው ሥርዓት ተራ ሌባን ለመያዝ ሁለት የታወቁ ዘዴዎች ነበሩ። አንዱ ሌባሻይ ነው፤ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባል ነበር። ሁለተኛው አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነው፤ የአካባቢው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ከዚያው ይቆያል። ሁለቱም ዘዴዎች የሚነግሩን ነገር አለ። የሚፈለገው ሌባ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ነው። በሹሙ ዘንድ ግን ችግሩ ተቃራኒ ነው፤ ማን እንደበላ አገር ሁሉ ያውቃል፤ የጎደለው ማስረጃና ጠያቂ ነው። አውጫጭኙን የሚጠራው ሹሙ ነው፤ ሹሙን የሚያውጣጣ ጉባኤ ግን የሚጠራ አልነበረም። ለተበዳይ የቀረው መንገድ ወደ በላይ ሹም አቤት ማለትና ደጅ መጥናት ነበር። ከተሳካለት ሹሙ ይሻራል፤ ሀብቱም ሊወረስ ይችላል። የተወረሰው ሀብት ወደ ተበዳዩ ይመለስ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሱ በአብዛኛው አይደለም ነው፤ የሚገባው ወደ ሻሪው ግምጃ ቤት ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለ ሙስና በሚደረግ ስብሰባ ሁሉ እየተጠቀሰ «ባህላችን ነው ያበላሸን» የሚል መደምደሚያ ይሰጥበታል። እኔ በዚህ ንባብ አልስማማም። ተረቱ ስለ ሥራ ዋስትና የሚናገር የኢኮኖሚ አስተያየት ነው። ሁለት ቃላት ያዙልኝ፦ «ሲሾም» እና «ሲሻር»። ሹሙ ደመወዝ የለውም፤ የሚተዳደረው ሹመቱ በሚያስገኘው ግብርና አገልግሎት ነው። የሹመቱ ዘመን አይታወቅም፤ ነገ በአንድ ቃል ይሻራል። ሲሻር ጡረታ የለውም። ሹመቱን ለማግኘት ደግሞ እጅ መንሻ አውጥቷል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ውስጥ ያለ ሰው በአጭር ጊዜ ብዙ ቢሰበስብ የሚያስደንቅ ነገር የለም። ተረቱ ያመሰገነው ሌብነትን ሳይሆን፣ የገለጸው ሹም ሽር የሚባለውን አስተዳደር ነው። ፍትሐ ነገሥት ዳኛ መማለጃ እንዳይቀበል ይከለክላል፤ ክልከላው በካህናቱ ዘንድ ይነበብ ነበር። ዳኛው የሚኖርበት ዳረጎት ግን ከተሟጋቹ እጅ ይመጣ ስለነበር፣ መማለጃ የቱ ጋ እንደሚጀምርና የዳኝነት ክፍያ የቱ ጋ እንደሚያበቃ የሚለይ ድንበር አልነበረም።

ይህን በጊዜው በግልጽ ያየው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ነው። በ1904 ዓ.ም. «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» በተባለው ጽሑፉ ካቀረባቸው የማሻሻያ ሐሳቦች መካከል የንጉሡ ሀብት ከመንግሥት ሀብት እንዲለይና ሹማምንት የተወሰነ ደመወዝ እንዲኖራቸው የሚሉት ይገኙበታል። ሁለቱን ሐሳቦች ነጣጥለን ማየት የለብንም። የንጉሡና የመንግሥት ገንዘብ አንድ በሆነበት አገር የመንግሥትን ገንዘብ መስረቅ የሚባል ወንጀል በትክክለኛ ትርጉሙ የለም፤ ያለው ንጉሡን መክዳት ነው። ጸሐፊው ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማረውም፤ እሱ ራሱ በጉምሩክ ሥራ የኖረ ሰው ነው። ነጋድራስነት ደግሞ ለዘመናት በውል የሚያዝ ሥራ ነበር። ነጋድራሱ ለገዢው ይህን ያህል ገቢ አደርጋለሁ ብሎ ይዋዋላል፤ ከዚያ በላይ ከኬላ የሰበሰበው ለራሱ ነው። ነጋዴው በየኬላው የሚከፍለው ገንዘብ ምን ያህሉ ቀረጥ፣ ምን ያህሉ የነጋድራሱ ትርፍ እንደሆነ አያውቅም። ሕጋዊ ብዝበዛ እንዲህ ባለ ጊዜ ሕገ ወጡን ብዝበዛ ለይቶ መክሰስ አይቻልም።

እኔ ያደግሁት በእስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። በሕፃንነቴ የማስታውሳቸው ሽማግሌዎች የግብር ደረሰኝን ከጌጥ በላይ ይጠብቁት ነበር፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከሣጥን ግርጌ ይቀመጣል። ለምን እንደዚህ እንደሚሳሱለት የገባኝ ታሪክ ማጥናት ከጀመርሁ በኋላ ነው። በእስቴ፣ በጋይንትና በስማዳ፣ እንደ አብዛኛው በጌምድርና ጎጃም፣ መሬቱ ርስት ነበር፤ ከዋና አባት በትውልድ የሚወረድ፣ ዘመድ ከዘመድ የሚካፈለው። ግብሩ የሚጣለው በመሬቱ ላይ በጅምላ ነበርና ጭቃ ሹሙ ከየባለ ርስቱ ድርሻውን ሰብስቦ ያስገባል። ከ1934 ዓ.ም. በኋላ የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች በሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች መሬቱን በጋሻ ለክተው ሲያስከፍሉ፣ በጌምድር፣ ጎጃምና ትግራይ መለካትን ተቃውመው በነባሩ አከፋፈል ቆዩ። ስለዚህ የመሬቱ ዝርዝር በማንም ደብተር ላይ አልሰፈረም። በደብተር ላይ የሰፈረው ብቸኛ ነገር የግብር ከፋዩ ስም ነው። ርስት ክርክር በተነሣ ጊዜ ታዲያ «ግብሩን የገበርሁት እኔ ነኝ» ብሎ ደረሰኝ የሚያወጣ ሰው በዳኛ ፊት ይጠነክራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጉዳዩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። ጭቃ ሹሙ ደመወዝ የለውም፤ በብዙ ቦታም ሥራው በተራ የሚደርስ ነው። አንድ ሹም ከአሥር ወንድማማቾች የተሰበሰበውን ግብር በአንዱ ስም ብቻ ቢያስመዘግብ ከመንግሥት ገቢ አንዲት ሳንቲም አትጎድልም። ሒሳቡ ይገጥማል፤ የወረዳው ገንዘብ ያዥ ይረካል። ሆኖም ከአሥር ወይም ከሃያ ዓመት በኋላ ዘጠኝ ቤተሰቦች ርስታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ይህ በሥራ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ንጹሕ መልኩ ይመስለኛል። ጉልበት የለበትም፤ የተሰበረ በር የለም፤ ተበዳዩ መበደሉን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ወንጀሉን በሠራው ሰው እጅ የተጻፈ ነው።

ከእስቴ ወደ ሞጣ የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ ማዶ፣ ጎጃም ውስጥ፣ በ1960 ዓ.ም. የሆነውን ስናይ ይህ የደረሰኝ ጉዳይ ተራ የቢሮ ነገር እንዳልነበረ ይገባናል። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ በወረቀት ላይ ሲታይ የተሻለ ነበር፤ ግብሩ በምርት መጠን እንዲሆን ያደርጋል። ነገር ግን ምርቱ የሚገመተው በገማቾች ዓይን ነው። የጎጃም ገበሬ ገማቹን አላመነም፤ ግምቱም መሬቱን ለመለካትና ርስቱን ለመንጠቅ መንደርደሪያ መሰለው። የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከነበሩበት አስተዳደር ጋር ቀድሞም ቅሬታ ነበረው፤ ከሕጋዊው ግብር ውጭ የሚጠየቀው ክፍያ አንዱ ምሬት ነበር። ሕዝቡ መጀመሪያ አቤቱታ ላከ፤ አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት አመጸ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም ተጠቀመ። በመጨረሻ ግን ወደ ኋላ አለ፤ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፤ ደጃዝማቹም ከጎጃም ተነሡ።

የተነሡት ወዴት ነው? ወደ ከፋ ጠቅላይ ግዛት፣ በዚያው የእንደራሴነት ማዕረግ። ገብሩ ታረቀ ስለ ገበሬ አመጾች በጻፈው ጥናት ይህን አመጽ በሰፊው ተንትኖታል፤ እኔን የሚስበኝ ግን ከአመጹ ይልቅ ይህ ዝውውር ነው። የቀረበው ክስ እውነት ይሁን ሐሰት በፍርድ ቤት አልተመረመረም። እውነት ከነበረ የከፋ ሕዝብ ምን አጠፋ? ሐሰት ከነበረ ሹሙ ለምን ተነሡ? ዝውውሩ ሁለቱንም ጥያቄዎች ዘለላቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ በ1966 ዓ.ም. የጅማ ሕዝብ በእኒሁ ሰው ላይ ሰልፍ ወጣ። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ «ተገምግሞ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ» የሚባል ነገር ስሰማ ይህ ታሪክ ትዝ ይለኛል።

ደመወዝ፣ ባንክና የሒሳብ መዝገብ ሲመጡ የወንጀሉ መልክ ተለወጠ። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ከዚያም ሚኒስቴሮችና ግምጃ ቤቶች ሲስፋፉ፣ አዲስ ዓይነት ሰው ተፈጠረ፦ የሌላ ሰው ገንዘብ እየቆጠረ የሚውል፣ ማታ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ የሚሄድ ሠራተኛ። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዋና ኦዲተር እንዲኖር ደነገገ፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሥልጣንን አላግባብ መገልገልንና ጉቦን በዝርዝር አስፍሯል፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጡረታ ሕግና የመንግሥት ሠራተኞች አስተዳደር ተደራጁ። ገብረ ሕይወት የጠየቀው ነገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በመጠኑ ተሟላ ማለት ይቻላል። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በሥራ ላይ የዋለው ግን አንድ ነባር መሣሪያ ነበር፤ ተያዥ። ገንዘብ ያዥ ወይም ዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ሆኖ የሚቀጠር ሰው ዋስ ያቀርባል፤ ቢያጎድል ዋሱ ይከፍላል። ይህ ብልህ ዘዴ ነው፤ ቁጥጥሩን ከመሥሪያ ቤቱ አውጥቶ በዘመድና በወዳጅ ላይ ይጥለዋል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል፤ አንድ ሰው ሲያጎድል ዘመድ ተሯሩጦ ያሟላለታል፤ ነገሩ ሳይሰማ ይቀራል።

«ጉድለት» የሚለው የሒሳብ ቃል በራሱ ይገርመኛል። ሰው አልሰረቀም፤ ገንዘቡ ጎደለ። የሰዘርላንድ ተማሪ የነበረው ዶናልድ ክሬሲ በእምነት ማጉደል የታሰሩ ሰዎችን አነጋግሮ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ በሌላ ቋንቋ አግኝቶታል። እንደ እሱ አባባል ሦስት ነገሮች ሲገናኙ የታመነ ሰው እምነት ያጎድላል፦ ለማንም ሊያካፍለው የማይችለው የገንዘብ ችግር ሲኖርበት፣ ያንን ችግር በያዘው ሥራ አማካይነት በስውር ሊፈታው እንደሚችል ሲያውቅ፣ ሦስተኛም ድርጊቱን ለራሱ የሚያስረዳበት ቃል ሲያገኝ። ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ «ብድር ነው፤ እመልሰዋለሁ» የሚል ነው። ክሬሲ ያነጋገራቸው ሰዎች አሜሪካውያን ናቸው፤ የመጀመሪያው ነጥብ ግን እንደ መካነ ኢየሱስ ባለ ከተማ ውስጥ የበለጠ ይከብዳል። በትንሽ ከተማ ደመወዝተኛ ማለት በዘመዶቹ ዘንድ የማይደርቅ ምንጭ ነው። ሰርግ አለ፤ ተዝካር አለ፤ ከገጠር የመጣ የታመመ ዘመድ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ሆስፒታል መወሰድ አለበት፤ የእህት ልጅ ትምህርት ቤት ገብቷል። «የለኝም» ማለት ገንዘብ ማጣት ብቻ ሳይሆን ከሰው ተራ መውጣት ነው። ችግሩ ለማንም የማይካፈለው ለዚህ ነው፤ ሰውየው ችግረኛ መሆኑን የሚነግራቸው ሰዎች ከእሱ የሚጠብቁት ሰዎች ናቸውና።

የደመወዝ ማነስ ወንጀሉን ያመጣዋል የሚለው አስተያየት በከፊል ብቻ እውነት የሚሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። በመጋቢት 2000 ዓ.ም. የተሰማውን የወርቅ ጉዳይ አስታውሱ። ብሔራዊ ባንክ ወደ ደቡብ አፍሪካ የላከው ወርቅ፣ የተላከው በወርቅ የተለበጠ ብረት ነው ተብሎ ተመለሰ። ባንኩ ሐሰተኛውን ወርቅ የገዛው በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር በሚያወጣ ዋጋ ነበር። የተያዙት ተጠርጣሪዎች ሻጭ ነጋዴ ብቻ አልነበሩም፤ የባንክ ሠራተኞችና ወርቁን መርምሮ የማረጋገጥ ኃላፊነት የነበረበት የጂኦሎጂ ሰርቬይ ኬሚስቶችም ነበሩባቸው። የእያንዳንዱን ተጠርጣሪ ጥፋተኝነት ወደ ጎን ትተን የአሠራሩን ቅርጽ ብቻ እንይ። ባንኩ ያመነው ሻጩን አይደለም፤ የምርመራውን የምስክር ወረቀት ነው። ቁጥጥሩ ነበር፤ ፊርማውም ማኅተሙም ተሟልቶ ነበር። ብረቱን ወርቅ ያደረገው ያ ወረቀት ነው። ከጭቃ ሹሙ ደረሰኝ ጋር ያለውን ዝምድና ልብ በሉ።

ተማሪዎቻችን ፈገግ ሲሉ ስለማይ አንድ ነገር ልጨምር። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ሰዎች በሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ አወጡ፤ ባንኩ ያስታወቀው መጠን 801 ሚሊዮን ብር ነው። ከአውጪዎቹ ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። አብዛኛው ተመለሰ፤ ያልመለሱት ስምና ፎቶግራፍ ተለጠፈ። ይህ የሥራ ላይ ወንጀል አይደለም፤ ተማሪዎቹ ወንበር የላቸውም። ቢሆንም ክሬሲ ያለው ሦስተኛው ነገር፣ ለራስ የሚነገረው ቃል፣ በአንድ ሌሊት በሺዎች አንደበት እንዴት እንደሚገኝ ያሳያል። «ማሽኑ ሰጠኝ» ያለ ሰው ራሱን ሌባ ነኝ ብሎ አያስብም።

ወደ ታሪኩ ልመለስና ከሁሉ የሚያሳስበኝን ላንሣ። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ሲፈነዳ የቀድሞ ባለሥልጣናትን በደል የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። ኮሚሽኑ የወሎን ረሃብ አያያዝ ጨምሮ ማን ምን እንዳወቀ፣ መቼ እንዳወቀ፣ ምን እንዳላደረገ በሰነድና በቃል እየጠየቀ ነበር። በአገራችን ታሪክ ከፍተኛ ሹማምንት ስለ ሥራቸው በመዝገብ የተጠየቁበት ያልተለመደ አጋጣሚ ነው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ 60 ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ፤ ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን፣ ከተገደሉት መካከል ነበሩ። የሰዎቹ ሞት አንድ ነገር ነው፤ ከእነሱ ጋር የተቀበረው ጥያቄና መልስ ሌላ ነው። ማን በላ፣ ማን አልበላም፣ ማን ዝም አለ የሚለው ሁሉ «አድኅሮት» በሚል አንድ ቃል ተጠቀለለ።

ደርግ ራሱ ልዩ የወንጀል ሕግና ልዩ ፍርድ ቤት አወጣ፤ በ1974 ዓ.ም. ሕጉን አሻሽሎ የሠራተኛው ሕዝብ ቁጥጥር ኮሚቴን አቋቋመ። በዚያው ዘመን የእህል ኮታ፣ የሕብረት ሱቅ ስኳርና የገበሬ ማኅበር ማኅተም አዳዲስ ቁልፎች ሆነው በብዙ ሺህ እጆች ገቡ። በቅጣት ብዛት ሙስና የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ በዚያ ዘመን በጠፋ ነበር።

ከዚያም በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ተካሄደ። በሽግሽጉ «ቢሮክራት» የሚባል ምድብ ወጣ፤ በደርግ ዘመን በገበሬ ማኅበር አመራርና በመሰል ሥራ የነበሩ ሰዎች ከሌላው ገበሬ ያነሰ መሬት እንዲይዙ ተደረገ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በሥልጣኑ ጎረቤቱን የበደለ እንደነበረ አልጠራጠርም። ነገር ግን መለያው የሠራው ጥፋት አልነበረም፤ የያዘው ወንበር ነበር። ማኅተም ይዞ ያልበደለውና ማኅተም ይዞ የበደለው በአንድ ገመድ ተለኩ። ቀደም ሲል የጠቀስሁት ተረት እዚህ ላይ አስፈሪ ትርጉም ያገኛል፤ ቢበላም ባይበላም የሚሻርና የሚቀጣ ሰው ካለ፣ አለመብላት ምን ይጠቅመዋል?

«ሙስና» የሚለው ቃል ዛሬ በሁሉም አፍ ላይ አለ፤ በግእዝ መጥፋትን፣ መበስበስን የሚገልጽ ቃል ነው። የሕግ ቃል ሆኖ የተቋም ስም ያገኘው በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ሲቋቋም ነው። የኮሚሽኑ ልደትና የገዥው ፓርቲ ክፍፍል በአንድ ዓመት መግጠማቸው ለቃሉ መልካም አልሆነለትም። የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተከሰው ታሰሩ፤ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ ብታዝም ከፍርድ ቤቱ ደጅ ተመልሰው ተያዙ፤ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ የሚከለክል ማሻሻያ ሕግም ወጣ። በግንቦት 2005 ዓ.ም. የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር መላኩ ፈንታ ታሰሩ፤ ከአምስት ዓመት እስር በኋላ ክሱ ተቋረጠና ተፈቱ፤ በኋላም ሚኒስትር ሆኑ። ስለ ግለሰቦቹ ጥፋተኝነት መፍረድ የታሪክ መምህር ሥራ አይደለም። ተመልካቹ ሕዝብ ምን ተማረ የሚለው ግን የታሪክ ጥያቄ ነው። የተማረው፣ «በላ» የሚባለው የወደቀ ሰው እንደሆነ ነው፤ የቆመ ሰው አይበላም፣ ቢበላም አይባልም።

ሕጉን በተመለከተ በ2007 ዓ.ም. የወጣው የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881 አንድ ትልቅ እርምጃ ወስዷል፤ ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ የግል ድርጅቶችን፣ ለምሳሌ አክሲዮን ማኅበራትን፣ «ሕዝባዊ ድርጅት» ብሎ በሙስና ሕግ ሥር አገባቸው። እድርንና የሃይማኖት ድርጅትን ግን ከዚህ ትርጉም ውጭ አደረጋቸው። ውሳኔው ትክክል ይመስለኛል። እድር ሕጉ ሳይደርስበት በደንብ የተጠበቀ ተቋም ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ ያዡ፣ ጸሐፊውና ሰብሳቢው የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፤ ያጎደለ ሰው ደግሞ ነገ በራሱ ቤት ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑን የሚተክሉለትን ሰዎች ነው ያጎደለባቸው። ስለ ቁጥጥር ከተጻፉ ብዙ መመሪያዎች ይልቅ ከእድር ጸሐፊ የተማርሁት ይበልጣል።

ይህን የምለው ናፍቆት ይዞኝ አይደለም፤ ጉዳዩ ዛሬም ሕይወት አለበት። በጋይንትና በስማዳ የምግብ ዋስትና ችግር የቆየ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ብዙ ቤተሰብ ክረምቱን የሚያሳልፈው ስሙ በዝርዝሩ ላይ በመኖሩ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጡት የቀበሌ ሰዎች ናቸው። የፕሮግራሙ መመሪያ ዝርዝሩ በአደባባይ እንዲለጠፍ፣ በስብሰባ እንዲነበብና ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ያዝዛል። ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? አንድ ስም በማውጣትና አንድ ስም በማስገባት ከበጀቱ ምንም ሳይጎድል አንድ ቤት እንዲራብ ማድረግ ስለሚቻል ነው፤ ልክ በአሥሩ ወንድማማቾች ደረሰኝ ላይ እንደሆነው። ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤት የሚያቀርበው ሪፖርት ያልተወራረደውን ብር ያሳየናል። ያልተወራረደውን ስም የሚያሳየን ኦዲተር ግን በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ቆሞ የሚያነበው የመንደር ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ማንበብ ከቻለና ማንበቡን ካልፈራ።

በመጨረሻ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ስለ ከፍተኛ ባለሥልጣናት ክስ ብዙ ተጽፏል። ስለ ወረዳ ገንዘብ ያዥ፣ ስለ ሕብረት ሱቅ ሻጭ፣ ስለ ገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ታሪክ የሚነግሩን የወረዳ ፍርድ ቤት መዛግብት ናቸው፤ የጉድለት ክስ፣ የዋስ ሙግት፣ የደረሰኝ ክርክር። ወረቀቱ ምስጥና እርጥበት አይችልም። ርዕስ የምትፈልጉ ካላችሁ ከዚያ ጀምሩ፤ የተከሳሹን ቃል ስታነቡም «በላ» የሚለው ቃል የቱ ጋ «ወሰደ»፣ የቱ ጋ «ተበደረ»፣ የቱ ጋ «ጎደለ» እንደሚሆን እየቆጠራችሁ አንብቡ። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ ልለፍ።